«በዘራቸው አለ ወይ?»

ስለ ስኪዞፍሬኒያ፣ ስለ ዘርና ስለ ጋብቻ

ሊጋቡ ያሰቡ ወንድምና እህት ለቅድመ ጋብቻ ምክር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ከምንጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የቤተሰባቸው ጤንነት ነው። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ሁሉም ሳይሳቀቅ ይናገራል። ስለ አእምሮ ሕመም ግን የሚናገር እምብዛም የለም። ዝምታው የሚሰበረው ሽማግሌ ከተላከ፣ አንዳንዴም አዳራሽ ከተያዘና የጥሪ ካርድ ከታተመ በኋላ በሩቅ ዘመድ አፍ ነው። «የልጁ እናት እኮ አማኑኤል ስትመላለስ የኖረች ናት፤ በዘራቸው አለ» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ልቅሶ ነው፣ ጾም ጸሎት ነው፣ የሁለት ቤተሰብ ኩርፊያ ነው፤ የፈረሰ እጮኝነትም አይተናል።

ውድ አንባብያን፣ «በዘራቸው አለ» የሚለው አባባል ምን ያህል እውነት ነው? ከዘር የሚወረሰውስ ምንድን ነው? የትውልድ እርግማን ነው? ርኩስ መንፈስ ነው? ወይስ እንደ ቁመትና እንደ ቆዳ ቀለም በሥጋ የሚተላለፍ ነገር? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሳይንስ ባለፉት ሃያ ዓመታት ብዙ ርቀት ተጉዟል። የሚያስደስተው ደግሞ በጉዞው ውስጥ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ኢትዮጵያውያን ሕሙማንም ድርሻ ያላቸው መሆኑ ነው። እኛ ከምናገለግልበት ከሰንጋ ተራ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእግር የሚሄድ ሰው ብዙ አይደክምም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለው እዚያ ነው፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ብዙዎቹ ጥናቶችም ከዚህ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ጋር የተያያዙ ናቸው። ደጃችን ላይ ያለ እውቀት ወደ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ አለመግባቱ ይገርመኛል።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ስኪዞፍሬኒያ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣው ዩጂን ብሎይለር የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም ነው። ቃሉ በግሪክኛ «የተከፈለ አእምሮ» እንደ ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው ያለ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የተከፈለው ሐሳብ፣ ስሜትና ተግባር አብረው መሄዳቸው ነው። ታማሚው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎች ሊጎዱኝ ያሴራሉ ብሎ አጥብቆ ያምናል፤ ንግግሩ ይበታተናል። ከዚህ በባሰ ቤተሰብን የሚያደክመው ግን ጸጥ ያለው የሕመሙ ክፍል ነው፤ መታጠብ መተው፣ ከሰው መሸሽ፣ ደስታና ኀዘን አለማሳየት፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ መቀመጥ። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ «ስንፍና» ብለን እንጠራዋለን፤ ልጁም በሕመሙ ላይ ስድብ ይጨመርበታል።

በአገራችን ስለዚህ ሕመም ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ በሰፊው የሚታወቀው የቡታጅራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ተጀምሮ በቡታጅራና በአካባቢው ቤት ለቤት 68,378 ጎልማሶች ተጠየቁ። ከእነርሱ መካከል ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ከሦስት መቶ በላይ ሰዎች ተገኙ። ሕመሙ የሚጀምረው በአብዛኛው በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ እንደሆነ ታየ፤ ይኸውም ልጁ ተምሮ ሊጨርስ፣ ሥራ ሊይዝ፣ ሚስት ሊያገባ ሲል ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የሥነ አእምሮ መድኃኒት ቀምሰው የሚያውቁት ከ10 በመቶ በታች መሆናቸው ነው። ዓመታት የታመሙ ሰዎች ነበሩ እኮ!

እነዚህ ወገኖች ከሌሎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ጋር ሆነው ለአሥር ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። ከ919ኙ 121 ሰዎች ሞቱ። ሊኖሩ ከሚገባቸው ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው ነበር የሞቱት፤ ግማሽ ያህሉም የሞቱት በተላላፊ በሽታ ነው። ሌላ ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ የሚድንበት በሽታ እነርሱን ገደላቸው። ያበደ ሰው ሲያስል ማን ያዳምጠዋል?

በዚያው በቡታጅራ የታማሚዎች ዘመዶችም ተጠይቀው ነበር። ከ178ቱ ዘመዶች ከአራቱ ሦስቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደደረሰባቸው ተናግረዋል፤ ከሦስቱ አንዱ በላይ ደግሞ ዘመዳቸው መታመሙን ቢደብቁ ይመርጣሉ። እንግዲህ በእኛ የምክር ክፍል ውስጥ የምናየው ዝምታ የከተማ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም።

ስለ መደበቅ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በድሮው ሰንጋ ተራ፣ በቀበሌ ቤቶቹ ግቢ፣ የታመመ ሰው ሁሉም ያውቀው ነበር። ይሳለቁበት ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሲጠፋ የሚመልሰው፣ ሲርበው የሚያጎርሰው ጎረቤትም ነበረው። ዛሬ ሰፈሩ የባንክ ሕንጻና የኮንዶሚኒየም ሰፈር ሆኗል፤ ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው ፈርሶ ነዋሪው ተበትኗል። በስምንተኛ ፎቅ ላይ በር ተዘግቶበት የሚኖረውን ልጅ ከእናቱ በስተቀር የሚያውቀው የለም። እናቲቱም እሑድ እሑድ ከአምልኮ የምትቀረው ለምን እንደሆነ አንጠይቃትም።

«ድምፅ እሰማለሁ» ሲል አይዋሽም

ጌታ የፈጠረው አንጎል በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሴሎች አሉት፤ እርስ በርሳቸውም በኤሌክትሪክና በኬሚካል መልእክት ይነጋገራሉ። ከኬሚካሎቹ አንዱ ዶፓሚን ይባላል። ከሥራዎቹ አንዱ «ይህ ነገር ላንተ አስፈላጊ ነው፣ ልብ በል» ብሎ ምልክት ማድረግ ነው። በስኪዞፍሬኒያ ታማሚ አንጎል ውስጥ በአንድ አካባቢ ይህ ኬሚካል ከልኩ በላይ ይለቀቃል። ስለዚህ ለእኛ ምንም የማይሆነው የታክሲ ጥሩንባ፣ የረዳቱ ጩኸት፣ የቴሌቪዥን ዜና፣ ለእርሱ ስለ እርሱ የተነገረ ይሆንበታል። ከዚያም አእምሮው ምክንያት ይፈልግለታል፤ «እየተከታተሉኝ ነው» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1952 በፈረንሳይ አገር ሥራ ላይ የዋለው ክሎርፕሮማዚንና ከእርሱ በኋላ የመጡት መድኃኒቶች፣ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልና በወር አንዴ የሚወጉት ሞዴኬት ጭምር፣ የሚሠሩት በዋናነት ይህን የዶፓሚን መልእክት በማብረድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የተፈቀደው አዲስ መድኃኒት በሌላ መንገድ የሚሠራ የመጀመሪያው ሆኗል።

ስለ ድምፁም የሚደንቅ ነገር ተደርሶበታል። እኛ ስንናገር፣ በልባችንም ስናወራ፣ የአንጎላችን የንግግር ክፍል ለመስሚያው ክፍል «ይህ የራሳችን ነው» የሚል ማስታወቂያ ቀድሞ ይልካል። በዚህም ምክንያት የራሳችን ድምፅ አያስደነግጠንም። ጭንቅላት ላይ ሽቦ ተለጥፎ የአንጎል ኤሌክትሪክ ሲለካ፣ ጤነኛ ሰው በሚናገርበት ጊዜ የመስሚያው ክፍል ምላሽ ዝቅ ይላል። በብዙ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች ላይ ግን ያን ያህል ዝቅ አይልም፤ ማስታወቂያው በመንገድ የቀረ ይመስላል። የራሱ ሐሳብ ባለቤት አጥቶ ከውጭ እንደመጣ ሰው ድምፅ ሆኖ ይሰማዋል። ድምፁ በሚሰማበት ጊዜ በተነሣ የአንጎል ምስልም የንግግርና የመስሚያ ክፍሎች ሲሠሩ ታይተዋል። ስለዚህ «ማንም አልተናገረህም፣ ዝም በል» ብንለው ምን ይጠቅመዋል? እርሱ በእውነት ይሰማል።

በዚህ ቦታ አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያው ጌታ ተናገረኝ የሚል አማኝ ሁሉ ታማሚ ነው ልትዪን ነው?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ሐኪሞቹም እንደዚያ አይሉም። እነርሱ የሚያዩት የሰውየውን ኑሮ ነው። እንቅልፉ እንዴት ነው? ይታጠባል? ይሠራል? ለልጆቹ አባት ነው? ድምፁ የሚሰድበውና ራስህን ግደል የሚለው ነው? ይህ ሁኔታ ለወራት ቆይቷል? ጸልዮ የጌታን ምሪት ያገኘ ሰው በማግሥቱ ሥራው ላይ ይገኛል፤ ከባለቤቱ ጋር ይመካከራል፤ ተሳስተሃል ሲሉትም ይሰማል። ልዩነቱን ለማየት ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም።

ከዘር የሚመጣው ምን ያህል ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ከጠቅላላው ሕዝብ በሕይወት ዘመናቸው ስኪዞፍሬኒያ የሚይዛቸው ከመቶ አንድ ሰው ገደማ ናቸው። እናቱ ወይም አባቱ የታመሙበት ልጅ ግን ከመቶ አሥር ገደማ ዕድል አለው። አያቱ የታመሙበት ከመቶ ከሦስት እስከ አምስት ያህል። ከአንድ እንቁላል የተፈጠሩ መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ነው፤ ከእነርሱ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ግን ከሦስቱ አንድ እስከ ግማሽ በሚሆነው ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ ዘር ትልቅ ድርሻ አለው፤ ፍርድ ግን አይደለም። ዘራቸው አንድ ሆኖ አንዱ ታሞ አንዱ ጤነኛ ሆኖ ይኖራልና።

ቀድሞ ተመራማሪዎች አንድ «የእብደት ጂን» ያለ መስሏቸው ይፈልጉ ነበር። አልተገኘም፤ የለምና። እ.ኤ.አ. በ2014 ከብዙ አገሮች የተሰባሰቡ ሳይንቲስቶች በዘረመላችን ላይ ከሕመሙ ጋር የሚያያዙ 108 ቦታዎችን አገኙ። በ2022 ደግሞ 76,755 ታማሚዎችንና 243,649 ጤነኛ ሰዎችን አወዳድረው ቦታዎቹን ወደ 287 አደረሷቸው። እያንዳንዱ ቦታ የሚጨምረው ዕድል እጅግ ጥቂት ነው። የበርበሬ ድልህ የሚያቃጥለው ቃሪያው ብቻ ሆኖ አይደለም፤ ዝንጅብሉም ነጭ ሽንኩርቱም ድንብላሉም የየድርሻቸውን ያዋጣሉ፤ እንደዚያ ነው። ከእነዚህ ጥቃቅን ልዩነቶች ጥቂቱን ያልተሸከመ ሰው በመካከላችን የለም። ሰባኪውም፣ ዘማሪውም፣ «በዘራቸው አለ» የሚለውም ሰው ተሸክሟል። ከባድ ለውጥ ያለባቸው ጥቂት ሰዎችም አሉ፤ ለምሳሌ ከ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ቁራጭ የጎደለባቸው ሰዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ ስኪዞፍሬኒያ ይደርስበታል። ይህ ግን ብርቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት የአንደኛውን ቦታ አሠራር አሳየ። በጉርምስና ዘመን አንጎላችን የማያስፈልጉትን የሴል ግንኙነቶች ይቆርጣል፤ አትክልተኛ ጽጌረዳ እንደሚገርዝ ማለት ነው። ሲ ፎር የተባለው ጂን የሚቆረጠውን ምልክት ለማድረግ ይረዳል። የዚህ ጂን ሥራ የበዛባቸው ሰዎች ለሕመሙ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ፤ መግረዙ ከልኩ ያለፈ ይመስላል። ሕመሙ ለምን በሕፃንነት ሳይሆን በወጣትነት እንደሚመጣ ይህ ፍንጭ ይሰጣል። (መግረዝ ሲነሣ ወዲያው ወደ ዮሐንስ 15 የሚሮጥ ሰባኪ አይጠፋም፤ እባካችሁ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ከዘር ውጭ ያለውም ትንሽ አይደለም። እናት በእርግዝና ጊዜ የሚይዛት ኢንፌክሽን፣ አስቸጋሪ ምጥ፣ በልጅነት የደረሰ ጉዳት፣ ሐሺሽ፣ ሁሉም ይጨምራሉ። ጫት አብዝቶ መቃምም ከዚህ ዓይነት ሕመም ጋር ተያይዞ ታይቷል። ታማሚ ዘመድ ያለው ወጣት ከጫትና ከሐሺሽ ይራቅ ስንል የቅድስና ትምህርት ብቻ እያስተማርን አይደለም፤ አንጎሉንም እየጠበቅንለት ነው።

የእኛ ምራቅ፣ የእኛ ዘር

በእነዚህ ታላላቅ ጥናቶች ላይ አንድ ጉድለት ነበር። ናሙናው በአብዛኛው ከአውሮፓውያን ዘር የመጣ ነበር። አፍሪካ ደግሞ ከዓለም ሁሉ የበለጠ የዘረመል ልዩነት ያለባት አህጉር ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 በደቡብ አፍሪካ በኮሳ ሕዝብ መካከል 909 ታማሚዎችና 917 ጤነኞች የተሳተፉበት ጥናት ታትሞ ነበር። የናሙናው ቁጥር ጥቂት ሆኖ ሳለ የአንጎል ሴሎች የሚገናኙበትን ቦታ የሚያበላሹ ብርቅ ለውጦች በታማሚዎቹ ላይ በዝተው ተገኙ። በአፍሪካ መፈለግ ለዓለም ሁሉ እንደሚጠቅም ታወቀ።

ኒውሮጋፕ ሳይኮሲስ የተባለው ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በዑጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የተካሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ዕቅዱ ቢያንስ 17 ሺህ ታማሚዎችንና 17 ሺህ ጤነኞችን ለማሳተፍ ነበር። ከአሜሪካ የሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤትና ብሮድ ኢንስቲትዩት፣ ከእኛ ዘንድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተሳትፈዋል፤ የኢትዮጵያውን ክፍል ከመሩት መካከል ዶክተር ሰሎሞን ተፈራ ይገኙበታል። ከተሳታፊው የሚወሰደው ምራቅ ነው። ከመወሰዱ በፊት ሰውየው የተነገረው ነገር እንደገባው በጥያቄ ይፈተሻል፤ ካልገባው አይሳተፍም። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ታማሚን እንደ ሰው ቆጥሮ «ፈቃድህ ነው ወይ?» ማለት በስንቱ የጸሎት ቤት እንኳ የተለመደ አይደለም።

የኢትዮጵያውያን ዘር መጠናት ምን እንደሚጠቅም ከድሮ ጥናት አንድ ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ኤሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው በጉበት ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን የሚፈጨው የአንድ ጂን ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው። በሰሜን አውሮፓ ይህ እምብዛም አይታይም። ለአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ በዚሁ መንገድ ይፈጫሉ። እንግዲህ «መድኃኒቱን እየወሰድኩ ለውጥ የለኝም» የሚል ወንድም ምናልባት ሰውነቱ ቶሎ ያስወግደው ይሆናል። መጠኑን የሚያስተካክልለት ሐኪሙ ነው። «መድኃኒቱ ያልሠራው መንፈስ ስለሆነ ነው» ብለን ክኒኑን የምናስጥለው እኛ ግን ማን ሾመን?

እርግማን ነው ወይ?

ከአብያተ ክርስቲያናት መድረክ «የትውልድ እርግማን» የሚለው ትምህርት በዝቷል። ዘጸአት 20 ይጠቀሳል፤ ሕዝቅኤል 18 ግን አይጠቀስም። በሕዝቅኤል ዘመን ሕዝቡ አባቶች ባጠፉት ልጆች ይቀጣሉ እያለ በተረት ሲናገር፣ እግዚአብሔር ያን ተረት ደግማችሁ አትናገሩ አለ። በዮሐንስ 9ም ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ማን ኃጢአት ሠራ ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታ ጥያቄውን ራሱን አልተቀበለም፤ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። ወላጆችን መክሰስ የሃይማኖት ሰው ብቻ ልማድ እንዳይመስላችሁ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ የነበሩ ሐኪሞች ሕመሙን የምታመጣው ፍቅር የነፈገች እናት ናት ብለው አስተምረዋል። ስንት እናት በልጇ ሕመም ላይ ጥፋተኛ ተብላ አለቀሰች! ያ ትምህርት ዛሬ ተጥሏል።

ስለ አጋንንትም በግልጽ እናገራለሁ። ርኩሳን መናፍስት እንዳሉ፣ በኢየሱስ ስምም እንደሚወጡ አምናለሁ። ነገር ግን ማቴዎስ 4፥24ን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ወንጌላዊው ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፣ የሚጥላቸውን ለብቻ፣ ሽባዎችን ለብቻ ጠቅሷል። በሌላ ስፍራ ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ተገናኝተዋል፤ ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው አልልም። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ የለየውን እኛ ለምን እናደባልቃለን? ሉቃስ ሐኪም ሆኖ ከጳውሎስ ጋር ተጉዟል። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሆድ ሕመም የሚጠጣውን አዝዞለታል። ኤልያስ ሞቱን በለመነ ጊዜ የእግዚአብሔር መልአክ ያደረገለት አበላው፣ አስተኛው፤ አልገሠጸውም።

ታማሚውን አስሮ መጮኽ፣ ዘይት አፍስሶ መምታት፣ ሰባት ቀን ያለ እህል ማዋል ግን ከየትኛው ምዕራፍ መጣ? በሶዶ ወረዳ በተደረገ ጥናት ቤተሰቦች የታመመ ዘመዳቸውን በሰንሰለት የሚያስሩት ብዙ ጊዜ ጨክነው ሳይሆን ሌላ አማራጭ አጥተው እንደሆነ ታይቷል። እንግዲህ አማራጩን ማሳየት የማን ሥራ ነው? በእንጦጦ ማርያም ጸበል የኦርቶዶክስ ካህናትና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አብረው መሥራት ጀምረው ነበር፤ ታማሚው ጸበሉንም መድኃኒቱንም እንዲያገኝ ይደረግ ነበር። በዚህ ነገር ቀድመውናል፤ ብንማርባቸው አናፍርም።

ስለ ጋብቻው

በምክር አገልግሎት ካገኘናቸው ጥንዶች የሁለቱን ነገር፣ ማንነታቸውን ሰውሬ፣ በፈቃዳቸው ላካፍላችሁ። የእርሱ እናት ለረጅም ዓመታት የታመሙ ናቸው። የእርሷ እናት ይህን ሲሰሙ ወደ እኔ መጡ። «እህቴ፣ እኔ ልጁን ጠልቼው አይደለም። የልጅ ልጄ ጨርቁን ጥሎ መንገድ ላይ ሲሄድ ይታየኛል፤ ሌሊት አልተኛም» አሉኝ። «እማማ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል» አልኳቸው፤ ቁጥሩንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ልጁ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ለወንድ አደገኛ የሚባለውን ዕድሜ በአብዛኛው ተሻግሯል። የሚወለዱት ልጆች የታማሚዋ የልጅ ልጆች ናቸው፤ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት አይታመሙም። ዝም ብለው ቆዩና «ስኳርስ በእኔ ቤት አለ፤ እርሱን ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ሁለቱን ልጆች ግን በቁጥር ብቻ አላሰናበትናቸውም። ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም አብረው ሄደው ጠየቁ። አማቷን ማን እንደሚያስታምም፣ መድኃኒት በየወሩ ማን እንደሚያመጣ፣ ከደመወዛቸው ስንቱ ለዚህ እንደሚሆን በወረቀት ላይ ጻፉ። እኔ እንደማምነው ትዳርን የሚያፈርሰው ዘሩ ሳይሆን ይህ ያልተጻፈው ነገር ነው። እነርሱ ተጋብተዋል። እጮኝነቱን የሚያፈርስም ካለ አንኮንነውም፤ ያፍርስ፣ ነገር ግን አውቆ እንጂ በወሬ አይሁን። መደበቅ ግን ኃጢአት ነው። ሕመም ያለበት ሰው ከሠርግ በፊት ለእጮኛው ይንገር፤ የሽማግሌዎች ጉባኤ ሳይሆን እጮኛው ቀድማ ትስማ። በደም ምርመራ «ልጃችሁ ይታመማል ወይም አይታመምም» የሚል ሐኪም ቤትም አትፈልጉ፤ ይህን አስቀድሞ የሚናገር ምርመራ ዛሬም የለም።

የታመመ የትዳር አጋር ላላችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። ሕክምናው ድሮ ከነበረበት እጅግ ቀርቧል። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ በዘውዲቱና በሌሎች ጠቅላላ ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ አለ። ከዚህም በላይ በጉራጌ ዞን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ በጤና ጣቢያ ሠራተኞች የታዩ ሕሙማን በሥነ አእምሮ ነርሶች ከታዩት የከፋ ውጤት እንዳላገኛቸው አሳይቷል። ስለዚህ በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የምትሄዱበት ቦታ ይሁን። በቶሎ የተጀመረ ሕክምና ይበልጥ ይረዳል።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጾም ሲያስብ ሐኪሙን ይጠይቅ። በተለይ ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይጠጣ ቢውል መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊመርዘው ይችላል። ስሜቱ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚልበት፣ ባይፖላር የተባለው ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ የአዳር ጸሎት አይግባ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ብቻ ሕመሙን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ጸሎት በቀን አይሰማም ያለ የለም። መሪዎች ይህን ከመድረክ ብትናገሩት ስንት ቤት ታተርፋላችሁ።

ለሚስቶችም አንድ ነገር። ለዚህ ሕመም ወይም ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮዬት የምትወስዱ ከሆነ ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ይህ መድኃኒት በጽንሱ አከርካሪና አንጎል ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላልና በሌላ ይተካል። ነገር ግን ማርገዛችሁን ስታውቁ በድንጋጤ በራሳችሁ እንዳታቆሙት፤ ሕመሙ ቢያገረሽ ለእናቲቱም ለሕፃኑም አደጋ ነው። በዚያው ሳምንት ሂዱ፤ ባልሽም አብሮሽ ይሂድ። ሐኪሙ ሁለታችሁንም ያናግራችኋል፤ ያልገባችሁንም ደግማችሁ ጠይቁት።